ሳይሰብሩ፣ ሳይደበቁ፣ ሳይጠይቁ

የግብዣው ወረቀት በቤቴ በር ሥር ሾልኮ ሲገባ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ውፍረቱ ነው። ወተት የመሰለ፣ ጠርዙ ወርቅማ፣ ሲነኩት እንደ ጨርቅ የሚለሰልስ። እኛ መንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያድል ሰው አንድ ነገር ሊወስድ ነው እንጂ ሊሰጥ አይመጣም።

«ውድ ጎረቤቶቼ፣» ይላል። «በመጪው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የኮርድዌልን ግቢ በእግር ላስጎበኛችሁ በታላቅ ደስታ እጋብዛችኋለሁ። ሻይና ኬክ አለ። ሮሪ ፌንዊክ።»

ወረቀቱን እንደያዝኩ መንገዱን ተሻግሬ ሚስስ ሙሪየል ታክሬይ ቤት ሄድኩ። እሳቸውም የራሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። የእሳቸው ላይ ግን ከሥሩ በእጅ የተጻፈ ተጨማሪ አለበት፤ «የባለቤትዎ የነበረ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። መጥተው ቢያዩት ደስ ይለኛል።»

«ደርሶበታል» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ምኑን ትያለሽ እንዴ ቲልዳ! ዘጠኝ ቀን ሲቀረን ሻይና ኬክ? ዘጠኝ ቀን ሲቀረን?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ሕግ ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ ሃያ ዓመት ሙሉ አጥር ሳይሰብር፣ ሳይደበቅና ፈቃድ ሳይጠይቅ ከተመላለሰ፣ ያ መንገድ እስከ ዘለዓለሙ የሕዝብ ይሆናል። ባለመሬቱ ይህን ማስቀረት ከፈለገ በዓመት አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ፣ በሩን መቆለፍ ይበቃዋል። ያኔ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ወይም ደግሞ «ግቡ፣ ፈቅጄላችኋለሁ» ብሏችሁ እናንተም «እናመሰግናለን» ካላችሁ አለቀ። በፈቃድ የሄደ ሰው በመብቱ አልሄደም።

የግቢው የድሮ ባለቤቶች ኮርድዌሎች ይህን ሕግ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ያውቁት ነበር። በየዓመቱ ግንቦት አሥራ አራት ቀን የግቢው ዘበኛ ሚስተር ዊልፍሬድ ታክሬይ ንጋት ላይ ሰንሰለት ትከሻቸው ላይ ጥለው ይመጣሉ፤ የብረቱን በር ይቆልፋሉ፤ ወንበር አውጥተው አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፍታሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አደረጉ። የመጨረሻውን ጊዜ በቆለፉበት ዓመት በመኸር ሞቱ። የግቢው አሮጊት እመቤትም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሏቸው። ወራሹ ከለንደን ንቅንቅ አላለም፤ በዓመት አንድ ቀን መቆለፍ ያለበት በር እንዳለው የነገረውም የለም።

እኛም አልነገርነውም። መንደራችን የአንድን ሰው የኪንታሮት ቀጠሮ ከምሳ እስከ እራት ደብቆ ማቆየት የማይችል መንደር ነው። ይህን ግን ሃያ ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን እስኪቀረው ድረስ አፉን ዘግቶ ያዘው።

ምስጢሩ ቀላሉ ነበር። ከባዱ አለማመስገኑ ነው። እኛ እኮ ከአውቶቡስ ስንወርድ ሾፌሩን፣ ቅጣት ሲጽፍብን ፖሊሱን፣ ጥርሳችንን ሲነቅል ሐኪሙን የምናመሰግን ሕዝብ ነን። ኮርድዌል ውስጥ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የግቢውን ሠራተኞች ስናገኝ አንገታችንን አቅንተን፣ ጥርሳችንን ነክሰን አለፍን። እንግሊዝ ውስጥ ከኛ የባሰ ባለጌ መንደር የለም እየተባለ ሲወራ ሰምቻለሁ። ይህ ስም ስንት ዋጋ እንዳስከፈለን የምናውቀው እኛ ነን።

ሚስስ ታክሬይ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ባላቸው የተቀበሩት ግቢው መሃል ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። መንደራችን ድሮ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነበር አሉ፤ ግን ከጥንቶቹ ኮርድዌሎች አንዱ ከሳሎኑ መስኮት ሲያየን አላማርነውም። ቤቶቹን አፍርሶ ለዓይኑ በማይታይ ቦታ ከኮረብታው ጀርባ ወረወረን። ቤተ ክርስቲያኑን ግን ጳጳሱን ፈርቶ ተወው። ስለዚህ ሙታኖቻችን እዚያ ናቸው፤ እኛ እዚህ። በእግር መንገዱ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በመኪናው መንገድ ዙሩ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ የእግረኛ ዳር የለውም፤ የጭነት መኪና እንደ ጥይት ያልፍበታል። ሚስስ ታክሬይ ዓይናቸው ስለደከመ መንዳት አቁመዋል። ያ በር ተዘጋ ማለት ሚስተር ዊልፍሬድን ሁለተኛ ጊዜ ቀበሯቸው ማለት ነው።

ሮሪ ፌንዊክ ግቢውን ከወራሹ የገዛው ባለፈው የገና በዓል ሰሞን ነው። ሀብቱ የመጣው ከውሻ ብስኩት ነው። አርባ ቢሞላው ነው፤ ሁልጊዜ ፈገግ ይላል። ሰው ያለ ምክንያት ፈገግ ሲል ኪሴን እዳብሳለሁ።

በዚያው ምሽት የመንገድ ኮሚቴው በሚስስ ታክሬይ ማድ ቤት ተሰበሰበ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ እሳቸው፣ እኔ ጸሐፊዋ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ዴዝሞንድ ፒሊንግ። እኔንም አስተምረውኛል። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆኖኝ እንኳ «ዴዝሞንድ» ብዬ መጥራት አልቻልኩም፤ ብጠራቸው የቤት ሥራ የሚሰጡኝ ይመስለኛል። በምስጋና ሱስ ከመንደሩ አንደኛ እሳቸው ናቸው። ከበር ጋር ተጋጭተው በሩን ይቅርታ ሲጠይቁት በዓይኔ አይቻለሁ።

«መሄዱ ቀርቷል፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ። «እንግዳው ሆነን ከሄድን በፈቃዱ ሄድን። ሃያ ዓመቱ ገደል ገባ።»

«ትክክል፣ ትክክል፤» አሉ ሚስተር ፒሊንግ። «እንደማንመጣ ግን መጻፍ ይኖርብናል።»

«ምን ብለህ?»

«"ስለ መልካም ግብዣዎ ከልብ እናመሰግናለን፣ ይሁን እን..."»

«ዴዝሞንድ!»

«ውይ። ይቅርታ።»

«መልስ አይጻፍም!»

ሚስተር ፒሊንግ ፊታቸው አመድ መሰለ። ለግብዣ መልስ አለመስጠት! ሰው ሲሞት እንኳ በኛ አገር ለቀጠሮ አለመምጣቱን የሚያስታውቅለት ዘመድ አያጣም።

«ያገኘው ነገር ምን ሊሆን ይችላል?» አልኩ።

ሚስስ ታክሬይ ወንበር ላይ ወጡና ከላይኛው መደርደሪያ የሰናፍጭ ቆርቆሮ አወረዱ። ሲያናውጡት ኳ ኳ አለ። «የጓጉንቸሩ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤» አሉ። «ዊልፍሬድ ከሞተ ቀን ጀምሮ እዚህ ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልሰጠሁም። ጓጉንቸሩና ሰንሰለቱ ግን በበር ጠባቂው ቤት ቀርተዋል። መዝገቡም እዚያው ነው።»

«የምን መዝገብ?»

«ዊልፍሬድ ሁሉን ይጽፍ ነበር። የበረዶውን፣ የዳክዬውን። የቆለፈበትንም ቀን።»

መዝገቡን ካገኘ ቀኑን አገኘ። ቀኑን ካገኘ ማክሰኞን አገኘ። ዘንድሮ ግንቦት አሥራ አራት የሚውለው ማክሰኞ ነው፤ ሃያ ዓመቱ የሚሞላውም ያን ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

«እሄዳለሁ፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ ሐሳባቸውን ለውጠው። «ምን እንደሚያውቅ ማወቅ አለብኝ። ግን እንግዳ ሆኜ አይደለም። እሑድ እሑድ በሰባት ሰዓት ዊልፍሬድ ጋ እሄዳለሁ፤ በሰባት ሰዓት እሄዳለሁ። መንገዴ ላይ ካገኘኝ አገኘኝ። እናንተም ከእኔ ጋር መሄድ መብታችሁ ነው። አንተ ዴዝሞንድ አፍህን አስረህ ና።»

እሑድ ሰባት ሰዓት ላይ በብረቱ በር ገባን። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ይህንንም አልወደድኩትም። ገና ሃምሳ እርምጃ ሳንሄድ ሚስስ ታክሬይ ቆሙና ከዘራቸውን ወደ መሬት ቀሰሩ።

«ሣሩ ታጭዷል።»

እውነትም የእግር መንገዱ ብቻ ተለይቶ፣ ግራና ቀኙ እንደ ሙሽራ ፀጉር ተስተካክሎ ታጭዷል። ሃያ ዓመት በሳማ እየተለበለብን የሄድንበት መንገድ! ትንሽ አለፍ ስንል አዲስ አግዳሚ ወንበር አገኘን፤ የቀለሙ ሽታ እንኳ አልለቀቀም። ሚስተር ፒሊንግ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ወንበሩን አይተው ቃተቱ።

«እንዳትቀመጥ!»

«አልቀመጥም፣ አልቀመጥም። ዝም ብዬ እያየሁት ነው።»

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ደግሞ መሬት ላይ የተተከለ፣ ጆንያ የተከናነበ የእንጨት ሰሌዳ ቆሟል። ባለመሬት ሰሌዳ የሚተክለው ለደግ አይደለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሰው የለም። ጆንያውን በአንድ ጣት ገለጥ አደረግኩት።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ከጎኑ የዳክዬ ሥዕል አለው።

«አምላኬ!» አሉ ሚስተር ፒሊንግ።

«"መግባት ክልክል ነው" ቢል ይሻለን ነበር፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ። «ሲከለክልህ ጠላትህን ታውቀዋለህ። ይሄ ግን ሲፈቅድ ነው የሚገድለው። መልሺው ጆንያውን! አላየነውም።»

ይህን ጊዜ ከሐይቁ ማዶ አንድ ሰው እጁን ሲያውለበልብ አየን። ሮሪ ፌንዊክ ነው፤ ቀይ ሹራብ ለብሷል፤ አጠገቡ እንደ ጥጃ የገዘፈ ውሻ ቆሟል። ዞር ስል ሚስተር ፒሊንግ የሉም። ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ጀርባ የቦት ጫማቸው ጫፍ ብቻ ይታያል።

«ውጣ ከዚያ!» አሉ ሚስስ ታክሬይ። «ተደበቅክ እኮ! ሳይደበቁ ነው የሚለው ሕጉ!»

«ደንግጬ ነው ሙሪየል...»

«ደንግጠህም ቢሆን በግልጽ ደንግጥ!»

ወጡ። ለዛፉ «ይቅርታ» አሉት። ሦስታችንም ጎን ለጎን ቆመን ማዶ ያለውን ሰው በመብታችን አየነው። አላውለበለብንም። እጁ ቀስ እያለ ወረደ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ እኔና ሚስተር ፒሊንግ አጥሩ ዘንድ ቀረን። ሚስስ ታክሬይ ባላቸው ራስጌ ቆመው ለረጅም ጊዜ አወሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ግን ከዘራቸው ሁለት ጊዜ ወደ ትልቁ ቤት ሲቀሰር አይቻለሁ። ሰውየውን እየከሰሱ ነበር።

ስንመለስ ጠበቀን። በሩ አጠገብ ባለው፣ ታክሬዮች በወጣትነታቸው ይኖሩበት በነበረው የበር ጠባቂ ቤት ፊት ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ነጭ ጨርቅ አልብሶ፣ ኬክ ቆርሶ ቆሟል። ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ! እኛ ቀድመን ያመለጥነውን ወጥመድ እሱም ቀድሞ ዘረጋው።

«ቀደማችሁኝ እኮ!» አለ ፈገግ ብሎ። «ምንም አይደል፣ ኑ፣ ኑ። ሻይ?»

«አልጠማንም፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ።

የሚስተር ፒሊንግ ከንፈር «አ» ለማለት ሲከፈት አየሁና እግራቸውን ረገጥኩ።

«እሺ... ሚስስ ታክሬይ፣ ይሄን ነበር ላሳይዎት የፈለግኩት።» ከጠረጴዛው ሥር አረንጓዴ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር አወጣ። «ጣሪያውን ስናስጠግን ተገኘ። የባለቤትዎ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሳነበው አደርኩ። ስለ ዳክዬዎቹ የጻፉት! ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።» ገለጠ። «በየዓመቱ፣ ያው ቀን፣ ያው ቃል። "ግንቦት 14። ዘጋሁ።" ሠላሳ አንድ ጊዜ። ምንድነው የዘጉት?»

ሮሪ አንዳችንን ከሌላችን እያፈራረቀ አየን።

«መንደሩን ስጠይቅ ከረምኩ። አንዷ ወደ ሰማይ አየች። አንዱ ስለ ድንች በሽታ ነገረኝ። ሰው ሁሉ ሰላምታ ይነፍገኛል፤ ውሻዬን እንኳ የሚያሻሽ የለም። ምን አለ እዚህ ግቢ ውስጥ? የተቀበረ ሰው አለ እንዴ?» ብቻውን ሳቀ፤ ሳቁን ቶሎ አቆመ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኛ እሱን እንደምንጠረጥረው እሱም እኛን እየጠረጠረን ከርሟል። ወይም ደግሞ እንዲህ እንዲመስለን ፈልጓል። እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

ልዋሽላቸው አፌን ከፈትኩ። ሚስስ ታክሬይ እጃቸውን አነሱብኝ።

«በር ነው የዘጋው።»

«የትኛውን በር?»

«ይሄን።»

«ለምን?»

«ታዞ።»

ሁሉም እውነት ነው። ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው የመጨረሻውን ገጽ ፈለጉ። በትከሻቸው በኩል አነበብኩት፤ «ግንቦት 14። ዘጋሁ። ሙሪየል ሻይ አመጣችልኝ፤ ከውጭ በኩል በብረቱ መሃል አቀበለችኝ። ከበሩ የትኛው ወገን እንደታሰረ እንጃ።»

ሚስስ ታክሬይ ደብተሩን ዘጉና ደረታቸው ላይ ያዙት።

«የእርስዎ ነው፤ ይውሰዱት፤» አለ ሮሪ።

ችግር መጣ። ለዚህ ምስጋና ይገባል፤ ካልተመሰገነ ሰማይ ይፈርሳል። ከተመሰገነ ደግሞ በእሱ መሬት ላይ ቆመን፣ በእሱ ጠረጴዛ ፊት... ሚስተር ፒሊንግ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ስለ ደብተሩ አመሰግናለሁ፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ እያንዳንዱን ቃል በመርፌ ቀዳዳ እያሾለኩ። «ስለ ደብተሩ ብቻ።»

ሮሪ ግራ ገባው። ግራ የገባው ባለጌ ያልሆነ እንግሊዛዊ የሚያደርገውን አደረገ፤ ቀድሞን ሄዶ የብረቱን በር ከፈተና ያዘልን።

ይህን ላልኖረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በር የያዘልህን ሰው ሳታመሰግን ማለፍ አይቻልም፤ ምላስህ ራሱ ይሄዳል። ካመሰገንክ ደግሞ ባለመሬቱ ከፈተልህ፣ አንተም ተቀበልክ፤ ሁለት ቀን ሲቀርህ። ሚስስ ታክሬይ በሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይልቀቁት።»

«ምን አሉ?»

«በሩን። ይልቀቁት።»

«ልይዝልዎት ነው እኮ...»

«አያለሁ። ይልቀቁት።»

ለቀቀው። ያ ከባድ በር ሲጢጥ እያለ ሄዶ ድርግም ብሎ ተዘጋ። ሚስስ ታክሬይ ደብተሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከዘራቸውን ክንዳቸው ላይ ሰቀሉ፤ በሁለት እጃቸው ገፍተው በሩን ራሳቸው ከፈቱና ወጡ። ተከተልናቸው። ሚስተር ፒሊንግ አፋቸውን በመዳፋቸው አፍነው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ዞር ብዬ ሳይ ሮሪ ፌንዊክ ፈገግታው ጠፍቷል። በሩን ያያል፤ ከዚያ እኔ የያዝኩትን ደብተር ያያል፤ ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያጥፋል። እየቆጠረ ነበር።

«ነገርነው እኮ ሚስስ ታክሬይ፤» አልኩ መንገድ ላይ።

«አልነገርነውም። አሳየነው።» ጥቂት ሄዱና «ከማመስገን ግን ይሻላል፤» አሉ።

ሰኞ ጠዋት የሮሪን መኪና ወደ ከተማ ስትሄድ አየናት። የከተማችን ጠበቃ ቢሮ ፊት ለፊት ግማሽ ቀን ቆማ እንደነበር ገና ሳይመሽ መንደሩ ሁሉ አወቀ።

ማክሰኞ ሆዴን አመመኝ ብዬ ከሥራ ቀረሁና በሚስስ ታክሬይ መስኮት በሩን ስጠብቅ ዋልኩ። ጠዋት ክፍት ነው። በምሳ ሰዓት ክፍት ነው። ሚስተር ፒሊንግ በየግማሽ ሰዓቱ እየደወሉ «አሁንስ?» ይላሉ። እኔም ተስፋ ማድረግ ጀምሬ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሮሪ ከበሩ ወጥቶ መንገዱን ተሻገረ። ትከሻው ላይ ጆንያ ተሸክሟል። ጆንያው ይንቃጨላል። የሚስስ ታክሬይን በር አንኳኳ።

«ይግቡ፤ ይቀመጡ፤» አሉት። ያስቀመጡት ልክ ከሰናፍጩ ቆርቆሮ ሥር ነው። ሻይ ቀዱለት።

«ጠበቃዬ ሰኞ አንድ ነገር ነገረኝ፤» አለ ጽዋውን እያየ። «ለአንድ ቀን ብቻ ነው አለ፤ ዛሬ ግን መሆን አለበት አለኝ። እስኪመሽ ድረስ እንኳ ብትቆልፍ ይበቃል አለ። እኔ ከማንም ጋር ጠብ አልፈልግም። ነገ ጠዋት ራሴ እከፍተዋለሁ።» ጆንያውን ከፈት አደረገው፤ ሰንሰለቱና ያ የጡብ ያህል የሚከብድ ጓጉንቸር ታዩ። «ይሄ ያለ ቁልፉ አይዘጋም። ሌላ ልገዛ ከተማ ወርጄ ነበር፤ የብረታ ብረቱ ሱቅ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት አይሠራም።»

«ድሮም አይሠራም፤» አሉ ሚስስ ታክሬይ። «ስኳር?»

«አንድ። መደርደሪያው ላይ ነው?» ብሎ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። ከወንበሬ ተስፈንጥሬ ስኳሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት። እጁ ተመለሰ። ትንሽ ስኳር ፈሰሰ።

«ቃሌን እሰጥዎታለሁ፤» አለ። «ከነገ ጀምሮ በፈለጉ ቀን፣ በፈለጉ ሰዓት ይሂዱ። እርስዎን ማን ይከለክላል? በጽሑፍ እፈቅድልዎታለሁ።»

«እሱን ነው የማልፈልገው።»

«ምኑን?»

«መፈቀዱን።» ሚስስ ታክሬይ ከፊቱ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አሉት። «ስማኝ ልጄ። አንተ ደግ ሰው ትሆናለህ። ሣሩን አጭደሃል፤ አይቻለሁ። ከአንተ በኋላ ግቢውን የሚገዛውን ግን አታውቀውም፤ እኔም አላውቀውም። ያ መንደራችንን ያፈረሰው ኮርድዌልም ደግ ነው ይባል ነበር፤ በገና ለየቤቱ ዝይ ያድል ነበር። የፈቀደ ሰው ሌላ ቀን ይከለክላል። እኔ ደግሞ ባሌ ጋ ለመሄድ የማንንም ፊት ማየት አልፈልግም።»

ሮሪ በቀጥታ ጠየቀ፤ «ቁልፉ የት እንዳለ ያውቃሉ?»

ጠፍቷል በሉት፣ ጠፍቷል በሉት እያልኩ በዓይኔ ለመንኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ይሰጡኛል?»

«አልሰጥህም።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚህ መንደር ተሰምቶ አያውቅም። እኛ «አይ» ስንል እንኳ «እስቲ እናያለን»፣ «ሰሞኑን ትንሽ ያስቸግራል» ነው የምንለው። ሮሪ ፊቱ እንደ ሹራቡ ቀላ። ተነሳ፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ ጆንያውን አነሳ።

«እሺ፤» አለ። «አመሰግናለሁ።»

ከዚያ የራሱን ድምፅ ሰማ። በር ላይ ደርሶ ዞረ።

«ስለ ሻዩ ማለቴ ነው፤» አለ። «ስለ ሻዩ ብቻ።»

ሚስስ ታክሬይ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ጽዋቸውን ወደ አፋቸው አነሱ። ባዶ ጽዋ ነበር።

እኛ ግን አላመንነውም። ሚስተር ፒሊንግም መጡና ሦስታችን መስኮቱ ላይ ተደረደርን። ሮሪ በሩን ገጠመው። ሰንሰለቱን በብረቶቹ መሃል አዞረው፤ ያንን ቁልፍ አልባ ጓጉንቸር አንጠለጠለበት፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው። ሚስስ ታክሬይ ካፖርታቸውን ሲለብሱ አላየኋቸውም። ልብ ስል መንገዱን በከዘራቸው እየተሻገሩ ነው።

በሩ ዘንድ ደረሱ። ከውስጥና ከውጭ፣ በብረቱ መሃል ተያዩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ሚስስ ታክሬይ እጃቸውን አስገብተው ሰንሰለቱን አንድ ዙር ፈቱ። ምንም የተሰበረ ነገር የለም፤ ምንም የተቆለፈ ነገር የለምና። ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ሮሪ በእሱ በኩል ያለውን ጫፍ ያዘ። ያዘውና ሳበው፤ ሰንሰለቱ እየተንሿሿ በሙሉ ወደ እሱ ወጣ። ትከሻው ላይ ጥሎት ወደ ትልቁ ቤት ሄደ። ሚስስ ታክሬይ በሩን ገፍተው ገቡ፤ እስከ አዲሱ ወንበር ድረስ ሄደው ተመለሱ። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ እንደተከፈተ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሚስተር ፒሊንግ ፖስታ ሳጥኑ ዘንድ ተሰልፈው አየኋቸው፤ ከእሳቸው በቀር ሰልፈኛ ባይኖርም። በእጃቸው ወፍራም ፖስታ ይዘዋል። የግብዣውን መልስ በዚያችው ቀን ጽፈውት ኖሯል፤ ዘጠኝ ቀን ሙሉ በኮት ኪሳቸው ይዘውት ሲሰቃዩ ከርመዋል። አራት ገጽ ነው። ከምስጋናው ሌላ ምንም የለበትም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ እኔና ሚስስ ታክሬይ በሩ ጋ ስንደርስ ሮሪ ፌንዊክ ውሻውን ይዞ ሊወጣ ነበር። እኛን ሲያይ አመነታ። ከዚያ ምን ያድርግ፣ አስተዳደጉ ነው፤ በሩን ከፍቶ ያዘልን።

ሚስስ ታክሬይ ቀጥ ብለው አለፉና ከውስጥ ቆም አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመው ምስጋና ሁሉ ከልባቸው ሲወጣ ሰማሁት።

«አመሰግናለሁ ልጄ።»

ሮሪ በሩን እንደ ጋለ ምጣድ ለቀቀው። እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች አየ።

«ለምኑ?» አለ።

«በሩን ስለያዝክልኝ።»

«እሱ ብቻ ነው?»

«እሱ ብቻ ነው።»

ሚስስ ታክሬይ በታጨደው ሣር ላይ ከዘራቸውን እየወዘወዙ ሄዱ። እኔ ግን ሐይቁ ዳር ስደርስ ዞር ብዬ አየሁት። ያው እዚያው በሩ ሥር ቆሟል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በነፃ እጁ ጣቶቹን እያጠፈ ይቆጥራል። ለጠበቃው ሳይደውል አልቀረም።